ደረቅ መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣዋል?

ይህን ጥያቄ አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመጣው ስድብ ግማሹ የኔ ድርሻ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ነበር። ድሬዳዋ ከጥቅምት ወዲህ ጠብ ሳይልባት ከርማለች። አክስቴ ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ፣ አዎ ውስጥ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ድሬን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ደቻቱ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፤ ግን አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም። አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ሸራ ይዘረጋበታል። አክስቴ ማታ ዕቃዋን ወደ ቤት አትመልስም። ጆንያዎቹን ደርድራ፣ በላስቲክ ሸፍና፣ ለዘበኛ የሻይ ሰጥታ ትገባለች።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ከባድ ዝናብ ሊመጣ ይችላል የሚል ትንበያ ሰማሁና ደወልኩላት። ዕቃሽን ከወንዙ አውጪ አልኳት። ሳቀችብኝ። መሬቱ ስድስት ወር ሙሉ ተጠምቷል፣ የመጀመሪያውን ዝናብ ምጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል፣ ጎርፍ የሚፈራው ነሐሴ ላይ መሬት ሲጠግብ ነው አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ልክ መሰለኝ። ደረቅ ጨርቅና እርጥብ ጨርቅ ላይ ውሃ ብታፈስ የትኛው ነው የሚመጠው? ልቤ ግን አላረፈም። እናም አክስቴ ልክ ናት ወይስ አይደለችም ብዬ ለጠፍኩ።

ሦስት መልስ ይመጣል ብዬ ነበር። ሃያ ሁለት መጣ። በራሴ አፍ እተርከዋለሁ፤ አንዳንዱ እንዳለ ቢቀመጥ ያስነውራል።

1ኛው መልስ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ሰላምታቸው ብቻ አራት መስመር ነበር፤ የአክስቴንም ጤና ጠየቁ። ከዚያ አክስትህ ልክ ናቸው አሉ። ቢሾፍቱ አጠገብ ጤፍ ሲያርሱ ነው የኖሩት። ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የልጅ እግር ይውጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው በስንጥቁ ቁልቁል ይገባና ማሳው ላይ አንዲት ኩሬ አትታይም። ኩሬ የሚታየው አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ሲገጥም ነው። ከዚያ በኋላ ያው ዋልካ ውሃ አላስገባም ይላል፤ ሐምሌ ላይ ማሳው ባሕር ይሆናል። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ ልጄ ብለው ተሰናበቱ።

2ኛዋ አባባ ልክ ብለዋል አለችና ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ገባች፦ የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ። ነፍሰ ጡር እያለች ለዚያ ሽታ ስትል ግቢው አቧራ ላይ ውሃ ትረጭ ነበር። ብዙ ሰው ወደደላት። የኔን ጥያቄ የወደደው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

3ኛው ነገሩን በቁምነገር ያዘው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ትምህርት አጥንቷል። በጨዋ ደንብ ጀመረ፦ አባባ ስለ ዋልካ ያሉት በሙሉ እውነት ነው፣ ግን ከድሬ በላይ ያለው ተራራ ዋልካ አይደለም። ቁልቁለት ነው፣ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ስስ አፈር ነው። መጋቢት ላይ ደግሞ ሣር የሚባል አይኖርበትም፤ ፍየል ጨርሶታል። ራቁቱን በቀረ አፈር ላይ ትልልቅ ጠብታ ሲወርድ ጓሉን ያደቀዋል፣ የላመው ዱቄት የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ላዩ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። ውስጡ ደርቆ ላዩ ላይ ውሃ ይሮጣል። ያላመነ ሰው ቤቱ ውስጥ ውሃ ሳያገኝ የከረመ የአበባ ማሰሮ ላይ ውሃ አፍስሶ ይይ አለ። ወይ ላዩ ላይ ይቆማል፣ ወይ በጎን ሾልኮ ከሥር ይወጣል፤ አፈሩን ግን አያርሰውም። የመሬቱ ጥማት አይደለም ወሳኙ፣ የውሃው ጥድፊያ ነው። የተጠማ ሰው አፍ ላይ እንስራ ብትደፋበት ይታነቃል እንጂ አይጠጣም አለ። ይቺን ምሳሌ ወድጃት ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። ማን ነው በእንስራ የሚያጠጣው ብላ ዘጋችብኝ።

ሒሳብም ሠርቷል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ተራራው ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ 30 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ግማሹን መሬት ጠጣው እንበል፤ 15 ሚሊዮኑ ቁልቁል ይወርዳል። ተራራው ደግሞ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር አይደለም።

4ኛዋ ከእስራኤል፣ ከቤርሳቤህ ናት። አማርኛዋ ውስጥ ዕብራይስጥ ጣል ጣል ይላል፤ ጎርፉን ሺጣፎን ነው የምትለው። ኔጌቭ በረሃም ያው ነው አለች። ነፋስ ያመጣው የላመ አፈር በዝናብ ላዩ ይዘጋል፣ ዝናቡ ሌላ ቦታ ጥሎ እዚህ ፀሐይ እያለ ወንዙ ይሞላል። በሚያዝያ 2010 ናሐል ጻፊት በሚባለው ሸለቆ በእግር ጉዞ ላይ የነበሩ 10 ወጣቶችን ውሃ ወሰዳቸው። ማስጠንቀቂያ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷ ልጆቿን በዝናብ ሰሞን ሸለቆ አታስወርድም።

5ኛውን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። ያኔ የ13 ዓመት ልጅ የነበረች ሴት ናት፤ ቤታቸው ደቻቱ ዳር ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998። ያን ቀን ከሰዓት ወንድሞቿ አሸዋው ላይ ኳስ ተጫውተዋል። ማታ እነሱ ሰፈር ዘነበ፤ የሚያስፈራ አልነበረም፤ ተኙ። ሌሊት የቀሰቀሳቸው ድምፅ ነው። ባቡር መሰላቸው። አባቷ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበርና ቤቱ የሚተዳደረው በባቡር ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚገባ ባቡር እንደሌለ ከሁሉም ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ትንንሾቹን አንጠልጥለው ወጡ። የመጣው ውሃ ብቻ አልነበረም። ድንጋይ፣ ግንድ፣ ቆርቆሮ፣ የሰው ሱቅ እንዳለ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ወጣ። ይህን የሁላችንም ጆሮ ሰምቶታል። እሷ የጻፈችው ግን ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ጭቃ ሲቆፍሩ ስላገኙት ጀበና ነው። የጎረቤታቸው የአንዲት ሴትዮ ጀበና ነበር፤ ጆሮው እንኳ አልተሰበረም። ስለ ሴትዮዋ ምንም አልጻፈችም። ማንም አልጠየቃትም።

6ኛው እዚህ ላይ ነው የገባው። ነፍስ ይማር ብሎ፣ ሁለት ቃል ብቻ፣ ከዚያ ወደ ክርክሩ። ሐምሌ 30 ክረምት ነው አይደል፣ መሬቱ ጠግቦ ነበር አይደል፣ እንግዲያው 1998ን እዚህ ማምጣት ለአክስትየዋ ምስክር መቆም ነው አለ። ሰዓቱን አልመረጠም። ግን እውነቱን ለመናገር ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ።

ከ7 እስከ 9 ያለው ስለ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ምን ላድርግ። ከቶሮንቶ የጻፈ አንድ ሰው ጎርፉ የደረሰው በ1998 ሳይሆን በ2006 ነው ብሎ 5ኛዋን አረማት። ወንዙ ቤቷን የበላባትን ሴት ማለት ነው። 8ኛው በስንት ዓመትህ ነው ከአገር የወጣኸው፣ የአገርህ ካላንደር ጠፋብህ ወይ አቦ ብሎ አስገባለት። 9ኛው ሁለቱም አንድ ዓመት መሆናቸውን በሰንጠረዥ አስረዳ። አሥራ ሦስቱን ወራት ሁሉ ጨምሮ። ጳጉሜን ለምን እንዳስገባት አልገባኝም።

10ኛው ያው 3ኛው ልጅ ተመልሶ መጥቶ ነው። አሁን ትዕግሥቱ ትንሽ ቀንሷል። ለ6ኛው፣ ክረምት ላይ የማይሆን ጎርፍ ከፈለግህ ይኸውልህ አለ። በሚያዝያ 1997 ዋቢ ሸበሌ በሌሊት ሞልቶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ። ሚያዝያ ማለት እዚያ አገር ደረቁ ጊዜ አልቆ ዝናቡ ገና ሲገባ ነው። በሚያዝያ 2012 ደግሞ እዚያው ድሬዳዋ በበልግ ዝናብ ጎርፍ መጥቶ ሰው ሞቷል፣ ቤት ፈርሷል። ማን ነው የጠገበው? 6ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። በጣቱ ምልክት ብቻ ወደድኩት አለ። ጨዋ ተሸናፊ ብርቅ ነው።

11ኛው ከሶማሌ ክልል፣ ከጎዴ ነው፤ ከሁሉም ረጅሙ። እዚህ ሰው ሁሉ ስለ ውሃ ያወራል፣ ስለ ብርድ የሚያወራ የለም አለ። እነሱ ጋ ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። አንዱ ሲከሽፍ ፍየል ትሸጣለህ። ሁለተኛው ሲከሽፍ ላም ትሸጣለህ። ሦስተኛው ላይ የሚገዛህ የለም። የተረፈው ከብት አጥንቱ ተቆጥሮ፣ ስብ የሚባል ነገር ከላዩ አልቆ፣ ዝናቡ መጣ። ሰው እልል አለ፣ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ሮጡ። እሱም አብሮ ሮጧል። ማታ ፍየሎቹ ተጠጋግተው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ድርቁን ሁሉ ያለፉ ፍየሎች ናቸው። ሲነጋ አሥራ ሰባቱ አልተነሱም። የከሳ እንስሳ ቀዝቃዛ ዝናብ አይችልም፤ ሳንባውን ይመታዋል። ከቀሩትም አንዳንዱ አዲስ ሣር ሲበቅል በባዶ ሆዱ ጠግቦ ተነፍቶ ሞተ። ከዚያ በጥቅምትና ኅዳር 2016 ዴር የምንለው ዝናብ ሲመጣ ከልክ አለፈ፤ ሸበሌ ወጣ፣ ገናሌም ዳዋም ወጡ፣ ታች ሶማሊያ ውስጥ በለደወይን ከተማ ተጥለቀለቀች። ኤልኒኖ ነው ተባለ፤ የሕንድ ውቅያኖስም በኛ በኩል ሞቆ ነበር። ኤልኒኖ ለሰሜኑ ክረምት ሲነሳው ለኛ በዴር አትረፍርፎ ይሰጣል፣ በሁለቱም በኩል የሚያለቅስ አለ ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሲጸለይ መጠኑም አብሮ ይነገራል ወይ?

እዚህ ላይ የመልሶቹ ክር ቢቆም ጥሩ ነበር። አልቆመም።

12ኛዋ ዱባይ የምትሠራ ልጅ ናት። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 የጣለውን ዝናብ አስታወሰች። የሰው መኪና እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ ከመስኮት አይታለች፤ የአሠሪዎቿን ምንጣፍ ወደ ላይኛው ፎቅ ስትጎትት ነው ያደረችው። እዚያ አገር መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 በፈረንጅ ወዲህ እንዲህ ያለ ዝናብ አልታየም፤ አል ዐይን አካባቢ በአንድ ቀን ውስጥ 254.8 ሚሊ ሜትር ተለክቷል። በረሃ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ለምን አልጠጣውም ብላ ራሷ ጠየቀችና ራሷ መለሰች፦ ከተማው አሸዋ አይደለም፣ አስፋልት ነው።

13ኛው ያ ዝናብ ሰው የሠራው ነው አለ። ደመና አበልጽገው አምላክን ሊተካከሉ ሲሉ ተገለበጠባቸው። እኛም አገር በ2013 ደመና ማበልጸግ ሲጀመር ተናግሬ ነበር፣ የሰማኝ የለም። 14ኛው የኛው የአፈር ልጅ ነው። አሁን ጨዋነቱ አለቀ። ደመና ማበልጸግ ያለ ደመና ዝናብ አይፈጥርም፣ ከተዘጋጀ ደመና ትንሽ ጨምሮ ያወርድ ይሆናል እንጂ፤ ያ ማዕበል ከቀናት በፊት የተተነበየ፣ ዑማንንም ጭምር ያጥለቀለቀ ትልቅ የአየር ሥርዓት ነው፤ አንተ ቴሌቪዥንህ ሲበላሽም ሰይጣን ነው የምትል ሰው ትመስላለህ አለው። 15ኛው የተናገረውን አልደግመውም። የልጁን ዲግሪ፣ የልጁን ዩኒቨርሲቲ፣ በመጨረሻም የልጁን ምሳ ሳይቀር ነካክቷል። የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ሁለቱንም ገሠጸ። ቁጥር አልተሰጠውም እንጂ እሱም መልስ ነበር፤ አንድ መስመር፣ ሁሉም በደማቁ።

16ኛው ጸቡን ለማብረድ ይመስለኛል በረሃ ላይ የጣለ ዝናብ ለኛም ሒሳብ ልኮልን ያውቃል አለ። በፈረንጅ 2018 መኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ዓረቢያ ውስጥ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን ባዶ በረሃ አራሱት። ሰው የሌለበት ቦታ ነው፤ ለምለም ሆነ፤ ማንም ሳያየው አንበጣ ተራባበት። ያ መንጋ ነው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እየተባዛ በ2012ና በ2013 የሐረርጌን ማሽላ የበላው። ይህን አላውቅም ነበር። አያቴ ማሳ ላይ ቆርቆሮ ስትደበድብ የከረመችው እዚያ ማዶ በዘነበ ዝናብ ነው ለካ።

17ኛዋ ያቺው 2ኛዋ ሴት ናት። ክርክሩን ሁሉ እንዳላየ አልፋ ስለ ሽታው አንብቤ መጣሁ አለች። ሽታው የዝናቡ አይደለም፣ የመሬቱ ነው። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት የሚሠሩት ነገር አለ፤ ደረቁ ረዘም ሲል ከዕፅዋት ከሚወጣ ቅባት ጋር ድንጋዩና አፈሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ጠብታው ሲያርፍ ብትን ብሎ ይወጣል። ሁለት አውስትራሊያውያን በ1964 በፈረንጅ ስም አውጥተውለታል። ስሙን ጻፈችው፤ እኛ ግን የመሬት ሽታ ብለን ብንጠራው ምን አጣን አለች። ለዚህም ብዙ ሰው ወደደላት።

18ኛው ሐረማያ ሐይቅ ደርቆ እንደገና ስለሞላ ውሃው ወደ ድሬ እንዳይገነፍል እሰጋለሁ ብሎ ነበር። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ተረባረበበት። የሐረማያ ውሃ ከተራራው ወዲያ ማዶ ነው፣ ፊቱ ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው፤ የደቻቱ ውሃ ከድሬ በላይ ካለው ከደንገጎ ተራራ ወርዶ ወደ ሽንሌ ሜዳ ነው የሚሄደው። ሰውየው አመስግኖ ጠፋ።

19ኛው ነው ያናደደኝ። ይህ ሁሉ ሳይንስ ምን ያደርጋል አለ፤ ወንዝ ውስጥ ጆንያ አስቀምጦ የሚያድር ሰው ራሱ ነው ጥፋተኛው፣ ድንቁርና ነው፣ መንግሥት አስገድዶ ማንሳት አለበት፣ የጠያቂው አክስት ከ1998 ካልተማረች ከምንም አትማርም።

20ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ነው የጻፍኩት፣ በስሜት ነው፣ የፊደል ግድፈት ሞልቶታል። አክስቴ በ1998 እዚያው ነበረች። ጓደኞቿን ቀብራለች። አሸዋው ላይ የተቀመጠችው ወንዙን ረስታ አይደለም። ዳር ላይ ያለው ቦታ ኪራይ አለው፤ ወንዙ ውስጥ የለም። ዕቃዋን ማታ ለማውጣት ሁለት ኩሊ ያስፈልጋታል፣ ጠዋት ለመመለስ እንደገና ሁለት። ይህን በየቀኑ ብታደርገው የሽንኩርቱ ትርፍ ለኩሊ ነው የሚሆነው። ውሃው የሚመጣው ደግሞ በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ያቺ መሬት ይጠጣዋል የምትለው ነገር፣ አሁን ሳስበው፣ የአፈር ዕውቀት አይደለችም። ሒሳብ ናት። በየማታው ስድስት ጆንያ ማስወጣት ለማትችል ሴት ሌላ ምን የሚያስተኛት ሐሳብ አለ? ይህን ጽፌ ላክሁና ስልኬን ትራስ ሥር ከተትኩት።

ጠዋት 19ኛው መልሱን አጥፍቶታል። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

21ኛው ሳቢያን ከሚባለው የድሬ ሰፈር ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። እንግዲህ አክስትየዋን አንድ ቦታ ላይ ላግዛት አለ። ተራራው አይጠጣም እንበል፤ አሸዋው ግን ይጠጣል። ከደንገጎ የተነሳ ትንሽ ጎርፍ ድሬ ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጠፍቶም አይጠፋም፤ የሳቢያን ጉድጓዶች የሚሰጡት፣ ድሬዎች የምንጠጣው፣ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ጠጠር የሚያስይዘው ውሃ ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው። ከዚያ ወደ ከባዱ ነገር ገባ። ላይ ሲዘንብ ሾፌሮች ወይም ዘመድ ይደውላል፤ ሰው ዕቃውን ያወጣል፤ ውሃው አይመጣም፣ አሸዋው ጠጥቶታል። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛም። በአራተኛው ሲደወል ሰው ትራሱን ገልብጦ ይተኛል። ጉልበት ድረስ ያልደረሰ ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ ጉልበት ድረስ ሲሆን መኪና ያነሳል፤ አራተኛው የትኛው እንደሆነ ከታች ሆኖ የሚያውቅ የለም አለ።

ሁለት ቀን ዝም ተባለ። እኔም ክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

22ኛው የመጣው ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው። አንድ መስመር። ሰውየው ከሐረር ጭኖ እየወረደ ነው፤ ደንገጎ ላይ ዝናቡ ከብዶ መኪናውን ጥግ አስይዟል፣ መጥረጊያው አልቻለም፣ ድሬ ዘመድ ያለው ይደውል።

አክስቴ ስታነሳ ድምጿ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። እስቲ ውጪና ሰማዩን እዪ አልኳት። ወጣች። ኮከብ ነው አለችኝ፤ አንድ ደመና የለም፣ ነፋስ የለም፣ ውሻ እንኳ አይጮህም፣ አንተ ልጅ ጤና የለህም? ደንገጎ እየጣለ ነው አልኳት። አሸዋው ይጠጣዋል አለችኝ። ታዲያ የሳቢያኑን ሰውዬ ክርክር ሳታነብ የት አገኘችው? ኩሊውን እኔ እከፍላለሁ አልኳት። ዝም አለች። ስንት ጆንያ ነው አልኳት። ስምንት ነው፣ ዛሬ አዲስ ሽንኩርት ገብቷል አለች። የስምንቱንም እከፍላለሁ። የሌሊት ነው፣ እጥፍ ይጠይቃሉ። እጥፍ እከፍላለሁ። የዘበኛውንም ጨምር፣ ከእንቅልፉ ልቀሰቅሰው ነው። እሺ አክስቴ።

እስከ ስድስት ሰዓት ቁጭ አልኩ። ከዚያ ደወለች። ስምንቱም ጆንያ ዳር ላይ ወጥቷል፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶችም ሲያዩዋት ፈርተው አውጥተዋል፣ ሁሉም ግንቡ ላይ ተቀምጠው አሸዋውን እያዩ ነው። ሻይ አፍልተዋል። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እየተሳሳቁ ነው።

ውሃው አልመጣም። ለክሩ ይህን ብቻ ጽፌ ዘጋሁት፤ አሸዋው ጠጣው ብዬ። የኩሊውን ገንዘብ በማግስቱ ላክሁላት። የዘበኛውን ረስቻለሁ፤ በደወልኩ ቁጥር እሱን ታስታውሰኛለች።